ሳልህ ኢትዮጵያዊ ሊሆን ነው

ሰኞ፣ የካቲት 1974

ሳልህ ዛሬ የቀበሌውን ሊቀመንበር «አንቺ ደህና ነሽ?» አለው። ሰውዬው ስቆ የድጋፍ ደብዳቤውን ፈረመልን። ሐሙስ ስለ ዜግነቱ የሚጠይቁት ሰዎች ግን ጎረቤት አይደሉም፤ አማርኛውንም ያያሉ። ባሌ የመን ተወልዶ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ መጥቶ፣ አማርኛን ጋራዥ ውስጥ የለመደ መካኒክ ነው። የተበላ የመኪና ፍሬን በድምፁ ይለያል፤ ወንድና ሴት ግን እስከ ዛሬ ይምታታበታል። ይሁን። ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ስንቱን ሽማግሌ ፊደል አስቆጥሬ ባሌ ያቅተኛል?

ማክሰኞ

መላ አገኘሁ። «ሁሉንም እርስዎ በል፤ ስለ ሌላ ሰው ስታወራም እሳቸው በል። ወንድ ሴት የለበትም» አልኩት። ደስ አለው። ትንሿን ልጃችንን «እርስዎ ጫማዎን ያውልቁ» ሲላት በሳቅ ፈረሰች።

ሲመሽ ታላቅ ወንድሙ ዐሊ መጣ። ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ የመን ይገባል። «እናታችን አርጅታለች። የዚህ አገር ዜጋ ከሆንክ መውጫ ፈቃድ ማን ይሰጥሃል?» አለው። በዐረብኛ ነው፤ ይህን ያህል ግን ይገባኛል። ሳልህ እራቱን ሳይነካ ተኛ።

ረቡዕ

ቤት ውስጥ ልጆቹ ስለማያስጠኑን ከሥራ ሲወጣ በእንጦጦ መንገድ ይዤው ወጣሁ። ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን እኔ ጠያቂ ሆንኩ።

«ለምን ኢትዮጵያዊ መሆን ፈለጉ?»

«እናቴን ሳላያት ብትሞትስ?» አለኝ።

«ካልፈለግህ ነገ እንቅር» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ እሺ እንዳይለኝም ፈርቻለሁ። ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና «ቀጥዪ፣ ጠይቂኝ» አለኝ።

ሐሙስ

ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ሴት ናት። እኔንም አስገቡኝ። ሁሉንም «እርስዎ» እያለ ቀጥ አድርጎ መለሰ። «አማርኛ ማን አስተማረህ?» ስትለው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ናቸው። በጣም ይቆጣሉ» አለ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሦስቱም ሳቁ።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ፋይሉን አይታ ኮስተር አለች። «ወንድምህ አገሩ ሊገባ ነው። አንተ ለምን ትቀራለህ?»

«ከእናቴ ቤት ስወጣ ልጅ ነበርኩ» አለ። «ሰው የሆንኩት እዚህ ኮተቤ ነው። እናቴ ትናፍቀኛለች። ግን እሷን ብዬ ብሄድ፣ ልጆቼም እኔን ሲናፍቁ ያድጋሉ።»

ይህን እኔ አላስጠናሁትም። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየችው፤ «በእኛ በኩል ጨርሰናል። ለመሐላ ትጠራለህ» አለችው። ደጅ ስንወጣ እጄን ያዘኝ፤ መንገድ ላይ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ቅዳሜ

ዐሊን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘን። ሳልህ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ለእናቱ ላከ፤ ምን እንዳላት አልጠየቅሁትም። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ቆዩ፤ ዐሊ መርቆት ሄደ። ስንመለስ ሳልህ ፊቱን ወደ አውቶቡሱ መስኮት እንዳዞረ ነበር። አውቶቡሱ መገናኛን ሲያልፍ «ራበኝ» አለኝ።

ቤት ገብቶ ደጋግሞ በላ። መሐላው መቼ እንደሆነ አልነገሩንም። መውጫ ፈቃዱንም አንድ ቀን እንጠይቃለን፤ ይከለክሉን ይሆናል፣ ደግመን እንጠይቃለን። አሁን ልጆቹ መሐል ተኝቶ ያንኮራፋል።