አስራ ስምንት ደቂቃ ቀድማ የጠለቀች ጀምበር

ጥር 24 ቀን 1988፣ ዓርብ

ምን እንደምጽፍ አላውቅም… ሰው ፊት የማይወጣልኝን እዚህ ልበል ብዬ ነው። እሺ። የአባዬን አምፕሊፋየር እፈራዋለሁ። እንደሚጮህ እያወቅኩ፣ እየጠበቅኩት፣ በየቀኑ እደነግጣለሁ።

በዕድሜ ይበልጠኛል። አባዬ ኤርፖርት ካርጎ ሲሠራ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ነው የሰጠው። ማብሪያውን ሲጫኑት ከሁለቱም ስፒከር «ዷ!» ይላል። ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው መንዙማውን ጥርት አድርጎ ያሰማል።

በረመዳን አባዬ የሚከፍተው ልክ ጀምበር ስትጠልቅ ነው። መስጊዱ ይርቃል። በዚያ ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ በቆርቆሯችን ላይ ያልፋል፣ አዛኑን ይውጠዋል። ስለዚህ የግቢው ሰው የሚያፈጥረው በ«ዷ» ነው። እንዲህ ይሁን ያለ የለም፤ እንዲሁ ተለመደ።

ካፈጠርን በኋላ እኔና አባዬ አጠገቡ እንቀመጣለን። እሱ አያወራ፣ እኔ አላወራ። ከቀኑ የምወደው ሰዓት ይኼ ነው።

እማዬ ዛሬም «ወይ እሱ ወይ እኔ!» አለች። አባዬ፦ «ሶብር አድርጊ፣ ሐቢባ።» ለሁሉም ነገር መልሱ ሶብር፣ ትዕግሥት ነው።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

እኔ ነኝ። ያደረግኩት እኔ ነኝ።

እማዬ እውነቷን ከሆነስ ብዬ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ልፈልግ አሰብኩ። አባዬ ሱቅ ነበር። መንዙማውን የሚያጫውተውን የቴፑን ሽቦ ነቀልኩ። ድምፁን ዜሮ አደረግኩ። ዜሮ ከሆነ ምን ሊጮህ ነው? … ተጫንኩት።

«ዷ!»

ሰዓቱን አየሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ። ማፍጠሪያው አስራ ሁለት ተኩል ነው።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ጎረቤታችን ጋሽ አብዱራሕማን በረንዳቸው ላይ «ቢስሚላህ» ብለው ተምር ጎረሱ። ከነሱሀይላ ቤት የማንኪያ ድምፅ መጣ። ሰማዩ ዳምኗል፤ የራበው ሰው ደግሞ ሰማይ አያይም። ልነግራቸው በር ድረስ ሄድኩ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ጋሽ አብዱራሕማን ሳምቡሳ አነሡ። ሁለተኛ አነሡ…

አባዬ ከሱቅ እየሮጠ ሲገባ ሾርባ ላይ ደርሰዋል።

«ዛሬ ቀደማችሁኝ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የከፈትከው?»

«እኔ አሁን መግባቴ ነው!»

የጋሽ አብዱራሕማን ጉንጭ እንደተነፋ ቀረ። አይውጡት፣ አይተፉት።

እትዬ ፍረወይኒ ክርስቲያን ናቸው፣ ረመዳንን አይጾሙም። እሳቸው ግን ከሁሉም በላይ ጮኹ። «እኔ በሱ ነው ሽሮዬን የማወጣው! ለዚህ ነው ለካ ጥሬ የሆነብኝ!»

ሁሉም ሳቀ፣ ጋሽ አብዱራሕማን ሲቀሩ። «ሳቁ! ቀኑን በቀዷ፣ ሌላ ቀን ጾማችሁ ስትከፍሉት ትስቃላችሁ። ማን ከፈተው?»

ማንም አልመለሰም። ማንም ውስጥ እኔም አለሁ።

«እንግዲያው በራሱ ነው የበራው» አሉ። «ጂን አለበት።»

ጥር 26፣ እሁድ

አባዬ ወሰነ። «የሰው ጾም ያስፈታ ዕቃ ቤቴ አይቀመጥም። የዛሬ ሳምንት ቁራሌው ሲመጣ ይውሰደው።» የሚጠላውን መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ነው የተናገረው።

ማታ አልተከፈተም፤ ግቢው የየራሱን ሰዓት እያየ አፈጠረ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ያለ መንዙማ ዝም ማለት ለካ ሌላ ነው… ያስጨንቃል። አባዬ ሁለቴ ተነሥቶ በጨርቅ አቧራውን ጠረገለት። ለቁራሌው።

ልንገረው? ነገ።

ጥር 27፣ ሰኞ

አልነገርኩትም።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ወሎ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ጋሽ ረታ የሚባሉ ሬዲዮ ጠጋኝ አሉ። እንግዳ ሰው ፊት መናገር ስለማልችል በወረቀት ጻፍኩ። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ፊደሌ ግን ይነበባል።

«አምፕሊፋየር ሲበራ ዷ ይላል። ቴፑን ነቅዬ ሞከርኩ፣ ይላል። ድምፁን ዜሮ አድርጌ ሞከርኩ፣ ይላል። ሲጠፋ አይልም። ምን ሆኖ ነው?»

አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «ሐኪም ነው የጻፈልሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ዲዳ ነሽ?»

ነቀነቅኩ።

«ነሽ ነው ወይስ አይደለሽም?»

«አይደለሁም» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ጋሽ ረታ ሳቁ።

«ጎበዝ። አሁን ንገሪኝ፤ ስትበራ ትንሽ ቆይታ ቀጭ ትላለች?»

«አትልም።»

«በቃ፣ ቴፑንም ድምፁንም በከንቱ ነው የጠረጠርሽው። ውስጧ በረኛ አለች፣ ሪሌ የምትባል። መብራቱ እስኪረጋጋ አራት ሴኮንድ ያህል ስፒከሩን ዘግታ ትይዛለች፣ ከዚያ ቀጭ ብላ ትከፍታለች። የናንተዋ በረኛ በሩን በርግዳ ነው የተኛችው። አምጪያት። ራስሽ እንዳትፈቻት! ተነቅላም ትነዝራለች።»

ጥር 30፣ ሐሙስ

በጋቢ ጠቅልዬ ተሸከምኩት። እትዬ ፍረወይኒ በር ላይ «ውይ፣ የማን ሕፃን ነው?» ብለው ሊገልጡት! ሮጥኩ።

ጋሽ ረታ ክዳኑን ፈቱ። አይጥ የኖረበት ይመስላል። ጎንብሰው ብዙ ፈለጉ፣ ከዚያ በወረንጦ አንድ ነገር ሳቡ። ክብሪት። ያልተጫረ፣ ቀይ ራሱ ያልተነካ የክብሪት እንጨት። ሪሌዋ እንዳትዘጋ ተሸጉጦባት ነበር።

«ይኼን የሸጎጠ ሰው መገረፍ አለበት! ቤት ሊያቃጥል ነበር!»

ጠረጉ፣ አጸዱ፣ አበሩ። አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት… ቀጭ። ከዚያ ዝምታ። እንባዬ መጣ። ለክብሪት እንጨት ይለቀሳል?

የካቲት 1፣ ዓርብ

ክብሪቱን አባዬ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከውስጡ። ጋሽ ረታ አወጡት።»

በጣቱ ገለበጠው። ጆሮው ቀላ። «ያኔ… ዜና ስከፍት አርዕስቱ ያመልጠኝ ነበር። አራት ሴኮንድ መጠበቅ ሰለቸኝና…»

አራት ሴኮንድ! የሶብሩ አባዬ!

እኔም በአንድ ትንፋሽ ወጣልኝ። ቅዳሜ የከፈትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በሩ ላይ ቆሜ መናገር እንዳቃተኝ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው። «እኩል ነን» አለ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

«ሰምቻለሁ» አለች እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ።

ለቁራሌው መስጠቱ ቀረ።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

አዲስ መዘዝ። አባዬ በሰዓቱ ከፈተው፣ ቀጭ አለ፣ እኛ አፈጠርን። አውሮፕላኑ አለፈ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ አብዱራሕማን ናቸው። ተምሩ እጃቸው ላይ ነው።

«ኻሊድ፣ ዛሬ ጀምበሯ እምቢ አለች?»

ከኋላቸው ግቢው በሙሉ ቆሟል። በረሃብ ፊታቸው ከስሏል። ዕቃው ለቁራሌው አይሰጥም ሲባል ለካ ሁሉም ሰዓት ማየቱን ትቶ «ዷ»ን እየጠበቀ ነው!

«ተሠርቷል እኮ፣ አይጮህም» አለ አባዬ።

«ማን አሠራው አለህ? መልሰህ አበላሸው!»

«ሰው ይጥራ እንጂ» አለች ሱሀይላ። «ራሕማ ትጥራ፣ እቤት የምትውለው እሷ ናት።»

እትዬ ፍረወይኒ ሳቃቸው አያልቅም። «ራሕማ? ራሕማማ እንደ ጀምበሯ ቀልታ ትጠልቃለች እንጂ መቼ ትጣራለች!»

እውነታቸውን ነው። ወዲያው ጓዳ ጠለቅኩ።

የካቲት 3፣ እሁድ

ቁራሌው መጣ። አባዬ ሁለት ባዶ ጠርሙስ ሰጥቶ ሸኘው።

ዛሬ የጠራው አባዬ ነው፣ ሱቅ ስላልሄደ። ማታ መንዙማችንን ስናዳምጥ «ነገ እኔ እጠራለሁ» አልኩት። ቴፑን ቀነስ አድርጎ አየኝ። መልሶ ከፍ አደረገው።

ቀን ተለማምጃለሁ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጓሮ ሄጄ «ደርሷል! አፍጥሩ!» እያልኩ። ሦስት አውሮፕላን። ማንም አልሰማኝም፣ ለዚያ ነው የመረጥኩት።

ጋሽ አብዱራሕማን አሁንም መስኮታችን አጠገብ ሲደርሱ ዱዓ እያደረጉ ነው የሚያልፉት። ጂኑን ፈርተው። ነገ መጀመሪያ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ። ጂኑ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። በወረቀት አይደለም።

ከዚያ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ደጃፍ እቆማለሁ። አውሮፕላኑ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። አራት ድረስ እቆጥራለሁ… ከዚያ አፌን እከፍታለሁ።