ግማሽ ትኬት

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

ዝናብ። እህቴ ኔስታ ቤት ከገባሁ ስድስተኛ ቀኔ። ደረጃ ስወርድ የቀኝ ጉልበቴ አሁንም ይከዳኛል... ሰሜን ስምንት ዓመት ተከፍሎኝ ራግቢ ተጫውቼ ይዤ የተመለስኩት ይህንን ነው።

ከሰዓት ጨዋታ ለማየት ሄድኩ። የሜዳው በር ላይ ትኬት የሚቀበለው አባዬ ነው። አውቃለሁ፤ የሄድኩትም ለዚያው ነው። ትኬቱን ለሁለት ቀደደና ግማሹን ሰጠኝ።

"እለፍ፣ ከኋላህ ሰው አለ።"

በስምንት ዓመት የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18

አሸነፍን። "አሸነፍን" ማለት እችላለሁ እንዴ? ሰዉ ሁሉ ቢራውን ሊጠጣ ወደ ክለቡ ቤት ገባ። እኔ ውጭ ቀረሁ። እዚህ መንደር ራግቢ በአሥራ አምስት ሰው ነው፣ ያለ ክፍያ። ሰሜን ሄዶ በአሥራ ሦስት ሰው የሚጫወቱትን የተጫወተ፣ ደመወዝ የበላ፣ ትኬት ገዝቶ ከማየት በቀር ዕድሜ ልኩን የክለቡን ቤት ደጃፍ አይረግጥም። ደንብ ነው።

ኢድሪስ ብርጭቆውን ይዞ ወጣ። ድሮ ጎን ለጎን ነበር የምንጫወተው።

"አንተ ሰሜኔ፣ ምነው ውጭ ቆምክ? ከድሃ ጋር አልጠጣም ብለህ ነው?"

"ሽታችሁን ፈርቼ ነው።"

ሳቅን። ከዚያ በረደውና ተመልሶ ገባ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

ኔስታ ዛሬም ጀመረችኝ። "ቤቱ እኮ ከዚህ አራት በር ነው። ሂድና አንኳኳ።"

"ምን ልበል?"

"ይቅርታ ነዋ!"

ቀላል አደረገችው። ያኔ አባዬ የክለቡ ኮሚቴ ፊት ቆሞ "የኔ ልጅ አይሄድም" ብሎ ቃሉን ሰጠ። በማግስቱ ፈረምኩ። ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ለመውጣት ሌላ ምን መንገድ ነበረኝ? ግን ቢያንስ ቀድሜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ፈራሁት... እውነቱ ይኸው ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

አባዬ ሳል አጣድፎት በሩን ተደግፏል። የከሰሉ አቧራ ሳንባውን ጨርሶታል።

"አባዬ..."

"ትኬት።"

ዓይኑን ከጫማዬ አያነሳም። ፊቴን ማየት እንኳ ጠልቷል።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

እያነከሰ መጣ እንዳይለኝ ጥርሴን ነክሼ ቀጥ ብዬ አለፍኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። ቀኑን ሙሉ አመመኝ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

በሩ ላይ ኢድሪስ። "አባትህ ታሞ ተኝቷል" አለኝ። ኔስታ እዚያው ልታድር ሄደች። እኔ ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ምን እንደምል እስካስብ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ሊነጋ ሲል ሞተ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

እንደ ደንባችን ወንዶቹ ብቻ ወደ መቃብር ወጣን። ሳጥኑን ከፊት ይዤ ዳገቱን ወጣሁ፤ ጉልበቴ አላሳፈረኝም። የሐዘን ሻዩ ክለቡ ቤት ነበር። ፀሐፊው አቶ ፕሮበርት ደጃፉ ላይ ክንዴን ያዘኝ።

"ለዛሬ እንኳ ግባ ልጄ። ማንም ምንም አይልም።"

"እሱ ይላል" አልኩት።

ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅኳቸው። የገዛ አባቴን ሻይ አልጠጣሁም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

ኔስታ አባዬ በር ላይ ሲቆም የሚለብሰውን ካፖርት ሰጠችኝ። ኪሱ ውስጥ በክር የታሰሩ ግማሽ ትኬቶች፤ በየቅዳሜው ከኔ ቀዶ ያስቀራቸው። ስድስት ናቸው። ለክለቡ መመለስ የነበረባቸውን፣ ያ ደንብ አክባሪ ሰውዬ ደብቋቸዋል። ጀርባቸው ላይ በእርሳስ፣ ከነቀኑ፦

"አነከሰ።"

"አነከሰ። በዚህ ዝናብ ስስ ጫማ።"

"ትንሽ ይሻላል።"

"ብሷል። ሐኪም ያየው ይሆን?"

"አባዬ አለኝ።"

የመጨረሻው የፌብሩዋሪ 15 ነው። "ሳያነክስ ገባ። ለኔ ብሎ ነው። ካለፈ በኋላ ዞሬ አየሁት።"

ጫማዬን አልነበረም ለካ የሚያየው። አራት በር ነበር... አራት በር ብቻ። ኔስታ እንዳትሰማኝ ካፖርቱ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ጨዋታ አለ። ኢድሪስ "አንተማ ዝም ብለህ እለፍ" አለኝ። እምቢ አልኩ። ትኬቴን ቀደደልኝ፣ ግማሹን ተቀበልኩ።

እያነከስኩ ገባሁ።