ፊት ወንበር ላይ ያለሽበት ፎቶ

ላኔሊ፣ ዌልስ
ሐሙስ፣ ማርች 14

ለኔሪስ፣ ለዚያች ለፍላፊ ልጄ፤

እንዴት ነሽልኝ? የፓታጎንያ ነፋስ አሁንም ባርኔጣሽን ይቀማሻል? ተማሪዎችሽስ ዌልሽኛውን በስፓንኛ ዜማ መናገሩን አልተዉም? እኔ ደህና ነኝ። ቆይ፣ ይህችን ቃል በልማድ ነው የጻፍኳት። አልሰርዛትም፤ ግን ወደ ታች እመለስባታለሁ።

እሑድ በስልክ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ትምህርት ቤቱ ለሦስት ዓመት ፈርሚ ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ብቻህን ትችላለህ? አልችልም ካልከኝ አልፈርምም፣ እመጣለሁ» አልሽኝ። እኔም «የፍርድ ቤቱ ነገር ይለቅና በደብዳቤ እነግርሻለሁ» ብዬ አመለጥኩ። ተናደሽ ስልኩን ስትዘጊው ቁርጥ እናትሽን፣ ነፍሷን ይማራትና። ፍርድ ቤቱ ትናንት አለቀ፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ማምለጫ የለኝም።

ያን ከገበያው ጀርባ ያለውን የግል መኪና ማቆሚያ ታውቂዋለሽ፤ ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ውስጥ ከምትሸጠው ከቤቲ ዘንድ በኮምጣጤ የራሰውን የባሕር ዛጎል ሥጋችንን ልንገዛ ስንሄድ የምናቆምበትን። ሁለት ሰዓት በነፃ ነው። ካለፍሽ በሩ ላይ ያለው ካሜራ ታርጋሽን ያነሣና የቅጣት ወረቀት ቤትሽ ድረስ ይመጣል። ኖቬምበር ላይ አንድ ዝናባማ ቀን ሁለት ሰዓቱን አለፍኩ። ካሜራው ስገባና ስወጣ ያየኛል እንጂ በመሐል ምን እንደማደርግ አያይም። የዊልቸሬን አንዱን ጎማ ከጎኔ ካለው የፊት ወንበር ላይ እስባለሁ፣ በሆዴ ላይ አሳልፌ መሬት አወርዳለሁ፤ ከዚያ ሌላውን ጎማ፣ ከዚያ የዊልቸሩን አካል፣ ከዚያ ትራሱን፣ በመጨረሻ ራሴን። ስመለስ ደግሞ ያንኑ ከኋላ ወደ ፊት። ያን ቀን አንዱ ጎማ ከእጄ አምልጦ፣ እየተንከባለለ ሄዶ አንድ ቫን ሥር ገባ። አላፊ አግዳሚ እስኪመጣልኝ ድረስ በሬን ከፍቼ ዝናቡ ሲወርድብኝ ቆየሁ። ይህንን አልነገርኩሽም ነበር።

የአካል ጉዳተኛ መሆኔን የሚያሳየው ሰማያዊ ካርዴ መስታወቱ ላይ ነበር። ምክንያቴን ጽፌ ብልክም የማቆሚያው ድርጅት በግል መሬት ላይ ካርድህ ሰዓት አይጨምርም ብሎ ጻፈልኝ። ጎረቤታችን ማል እሱም በዚያች በሰው ሠራሽ እግሩ እያነከሰ ሰዓት አልፎበት፣ ከፍሎ ዝም ያለ ሰው ነው። «ክፈልና ተገላገል፣ አንተ ግትር!» አለኝ። «አንተ ከፍለህ ምን አተረፍክ? ከዚያ ወዲህ ፈጥነህ ትሄዳለህ?» አልኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከእኔ የባሰ ተሟጋች ሆኖ ዐረፈው። እኔም አልከፍልም አልኩ፤ ድርጅቱ ከሰሰኝ።

ፍርድ ቤት እንደ ቴሌቪዥኑ አይደለም፤ አንዲት ክፍልና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ናት። ዳኛዋ ጉንፋን የያዛቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። የድርጅቱ ጠበቃ ከብሪስቶል የመጣ ወጣት ነው፤ የጫማው ማብረቅረቅ! በዌልሽኛ ልማል ብዬ ጠየቅኩና ተፈቀደልኝ። አጉል ሥራ ነው የሠራሁት። በእንግሊዝኛ እንደ ልብ መቅጠፍ እችላለሁ፤ ዌልሽኛ ግን የቤታችን ቋንቋ ነው፣ ከአንቺ ጋር የማወራበት።

ጠበቃው ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በእንግሊዝኛ ይጠይቀኝ ጀመር።

«አቶ ፕሮበርት፣ ይህ መኪና የእርስዎ ነው?»

«የኔው ነው።»

«ባለፈው ጁላይ ሐሙስ ሐሙስ ገብተው ሁልጊዜም በሰዓቱ ወጥተዋል። ያኔም በዊልቸር ነበር የሚሄዱት?»

«የቆርቆሮ ፋብሪካው አደጋ ከደረሰብኝ ጀምሮ።»

«ታዲያ ኖቬምበር ላይ ምን ተለወጠ?»

ማል በመንገድ ላይ አስጠንቶኝ ነበር። «ትከሻዬን አመመኝ በል። የሰው ትከሻ ውስጥ ገብቶ የሚያይ የለም» ብሎኝ። ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ከፎቶዎቹ አንዱን ሳየው ፊት ወንበር ላይ አንቺ ነሽ። አፍሽ እንደ ወትሮው ተከፍቷል፣ ጣትሽ ወደ እኔ ተቀስሯል፤ ቀስ ብለህ ንዳ እያልሽኝ መሆን አለበት። እኔ እስቃለሁ። ኔሪስ፣ እኛ እኮ አብረን የተነሣነው ፎቶ የለንም! ሁልጊዜ አንሺዋ አንቺ ነሽ። አብረን ያነሣን ያ የተረገመ ካሜራ ብቻ ነው።

«ልጄ ሄደች» አልኩ።

በዌልሽኛ ነው ያመለጠኝ። ጠበቃው ግራ ገብቶት ሲያይ ዳኛዋ ራሳቸው ተረጎሙለት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጅዎ ምን ታደርግልዎት ነበር?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ያኔ ዊልቸሩ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር የሚሄደው። እሷ ትወርዳለች፣ ታወጣዋለች፣ ትገጣጥመዋለች፣ በሬ ላይ ታቆምልኛለች፤ ወሬዋን እንኳ አታቋርጥም። አሁን እኔ እስከ ኋላ ልደርስ ስለማልችል እሷ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ጭኜው ነው የምሄደው አልኳቸው። ማል አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁ። ጉንፋኑ ከዳኛዋ ተጋብቶብኝ ነው ይላል።

ጠበቃው ቀጠለ። «እንግዲያው ብቻዎን አይችሉም ማለት ነው?»

ይቺ ያንቺው ጥያቄ ናት። ሰው አገር አቋርጦ መጥቶ ጥያቄሽን ይጠይቀኝ?

«እችላለሁ» አልኩት፤ «ግን ይረዝምብኛል። እናንተን የጠየቅኩት ሰው ስጡኝ ብዬ አይደለም፣ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ነው።»

ዳኛዋ ያንኑ ወሰኑ። እንደኔ ላለ ሰው ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ነበረባችሁ፤ ምክንያቱን ጽፎ ሲያስረዳችሁ ቅጣቱን ማንሣት ነበረባችሁ ብለው ክሱን ዘጉት። ማል ኮሪደሩ ላይ መዝፈን ጀምሮ ጥበቃዎቹ ገሠጹት።

እኔ ግን ጠበቃው ሳይሄድብኝ ደረስኩበት። «አንዱን ፎቶ ትሰጠኛለህ?» አልኩት።

«ለምን? ሊከሱን ነው?» ብሎ ደነገጠ።

«ልሰቅለው ነው» አልኩት። ሳቀና ሰጠኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። አሁን ከመሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ እየነዳሁ ትቆጪኛለሽ።

እንግዲህ መልሴ። ምዬ የተናገርኩትን ለአንቺ ስሆን ልቀይረው አልችልም። እችላለሁ ልጄ፤ ግን ይረዝምብኛል። አንዳንዴ ገጣጥሜ ስጨርስ ከመድከሜ የተነሣ ወደ ገበያው መግባቱን ትቼ እመለሳለሁ። ናፍቀሽኛል። ዊልቸሩን እንድታወጪልኝ አይደለም፤ እያወጣሽ የምታወሪው ወሬ ነው የናፈቀኝ። ዛሬ ቤቲ ኮምጣጤውን እያፈሰሰች «ያቺ ለፍላፊሽ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ፤ ሴት አድርጋ ስትጠራኝ ደስ ይላታል፣ ታውቂያታለሽ። «ሥራ ላይ ናት» አልኳት። ስለው ኮራሁ፤ ወደ መኪናው ስመለስ ግን ዛጎሉን ብቻዬን መብላት አቃተኝና ለማል ወሰድኩለት።

ፈርሚ፣ ልጄ። ከልቤ ነው። እነዚያ ልጆች ከዓለም ጫፍ ላይ ሆነው ከዚህ ከዌልስ በሄዱት አያቶቻቸው ቋንቋ እንዲያወሩ የምታደርጊው አንቺ ነሽ፤ የእኔ ጎማ ትንሽ ቢንከባለል ምንም አይደለም።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ነፋሱ ከፊትሽ ሳይሆን ከኋላሽ ይሁንልሽ። በሄድሽበት ሁሉ በር የሚከፍትልሽ ሰው አይጥፋ።

አባትሽ
ኤምሊን

ይህንን ልረሳው ነበር፤ ማል የመኪናዬ ኋላ ባዶ መሆኑን አይቶ ድንቹን ልጫንበት ቢለኝ እንቢ አልኩት። ተቀይሞኛል። አንቺ ስትመጪ ያ ቦታ የዊልቸሩ ነው። አጽድቼ፣ ባዶውን ይዤው ነው የምነዳው።