የአባባ እጅ

ጅግጅጋ፣ የካቲት 2015 ዓ.ም.

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? የኤረር ፀሐይ አከሰለችህ ወይስ ተላመዳችሁ? ተማሪዎችህስ ይሰሙሃል? እኛ ጋ ነፋሱ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሊነቅል ይታገላል እንጂ ደህና ነን። አባባም ይበላል፣ ይቀልዳል፣ እንደ ልማዱ ሻይሽ አይረባም እያለ ያማርረኛል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ ካንተ ጋር ሳወራ ፊቴ ላይ አፍጥጦ ከንፈሬን ስለሚከታተል ነው።

ወንድምዓለም፣ የአባባ ጆሮ ከድቶታል።

ለሰርግ ተጫዋቾች የሚሠራውን የኡድ የፊት ጣውላ ሲልግ፣ በጣቱ አንጓ መታ መታ እያደረገ ጆሮውን ያስጠጋ አልነበር? መልስ ሲሰጠኝ አቆማለሁ ይለን ነበር። አሁን መልሱን አይሰማም። እንዳይሰነጠቅበት ስለሚፈራ ወፍራም እያለ ይተወዋል፤ ኡዱም ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ከአምና ጀምሮ፣ እሱ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል፣ ጣውላው ሳይጣበቅ ሱቅ ገብቼ እጨርሰዋለሁ። መላጊያውን ሁልጊዜ ተስሎ ነው የማገኘው፤ አባባን ታውቀው የለ፣ ለዕቃው ሟች ነው። ደንበኞቹ ኡዳቸውን ተቀብለው ሲሄዱ፣ አጎቴ እንደማለት አዴር ነው የሚሉት፣ የአዴር ጫኔን እጅ አላህ ይባርከው ይላሉ። እኔም ከጓዳ ሆኜ አሜን እላለሁ።

ጣጣው የመጣው ጓደኛዬ ኬሪያ ወልዳ ልጠይቃት ቀብሪበያ የሄድኩ ጊዜ ነው። አባባ የሰርግ ተጫዋቹን የዐብዲሓኪምን ኡድ ራሱ አጣብቆ ጨርሶ ሰጠው። ዐብዲሓኪም ቶጎጫሌ ሰርግ ላይ ተጫውቶበት ተመለሰና፣ ሱቁ ሰው በሞላበት ኡዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አዴር፣ ድምፁ ታፍኗል፣ ሙሽራው ሳይቀር ምን ነካው አለኝ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ አይደለም፣ ማን ነው የነካብኝ ብሎ ጠየቀ። አባባ ከንፈሩን እያየ፣ የተባለው ሳይገባው ፈገግ አለ። የተመሰገነ መስሎታል።

ያ ፈገግታ አንጀቴን በላው። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አባባ አልነካውም አልኩ። ዐብዲሓኪምም ገላመጠኝና፣ አዴር ራሳቸው እንደገና ይሥሩልኝ ብሎ ትቶት ሄደ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወሬው ገበያውን አዳረሰው። ከረመዳን በፊት ሰርግ የሚበዛበት ወቅት ነው፤ ያዘዘ ሁሉ ልጅቷ እንዳትነካው ይላል። ደንበኛችን የቶጎጫሌው ዐቦኮርማ ጭራሽ ያዘዘውን ኡድ እንዳልነካበት ሊጠብቅ በርጩማ ስቦ አባባ ፊት ተቀመጠ። ምሳውን እዚያው ያስመጣል። ወደ መላጊያው ጠጋ ስል፣ እህቴ፣ አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ ይለኛል። አምና የወሰደውን ኡድ እያሞገሰ ነው ደግሞ! ያንን የላገችው ይህቺው እጄ ናት። በንዴት ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት መሰለህ። ብናገር አባባን በቁሙ መቅበር ነው። ዝም ብል የዐቦኮርም ኡድ ታፍኖ ይወጣል፤ ያኔ እኔን ሰበብ ማድረግ አይቻልም፣ ይሄን ሁሉ ዘመን የለፋበት ስሙ ይጠፋል። እንቅልፍ አጣሁ።

ትናንት ዐቦኮር ወደ ማረፊያው እንደሄደ አባባ ሱቁን ዘጋ። ያልተጣበቀውን የዐቦኮርን ጣውላ በጋቢው ጠቅልሎ ቤት አመጣና አልጋዬ ላይ አስቀመጠው። መላጊያውን ከጎኑ አደረገ። ስለቱን በጣቴ ብነካው ምላጭ ሆኗል። እሱ ሳሎን ገብቶ፣ ስንት ጊዜ ያልከፈተውን ሬዲዮ ከፈተና እስከ መጨረሻው አስጮኸው። ዜናው አልቆ የማይወደው ኳስ ሲመጣም አልዘጋውም። ጀርባውን ለእኔ በር ሰጥቶ ተቀመጠ።

ጣውላው መልስ ሲሰጠኝ አቆምኩ። ስወጣ ሬዲዮውን ዘጋና፣ ዛሬ ሻይሽ ጥሩ ነበር አለኝ።

ሻይ አላፈላሁም ነበር።

ዐቦኮር ዛሬም በርጩማው ላይ ነው። ለፋሲካ ስትመጣ ቤቱ በሬዲዮ ጩኸት ቢቀበልህ፣ አደራህን እንዳትቀንሰው። ለምን እንደሆነም አትጠይቀው።

የአባታችን አምላክ በሄድክበት ይከተልህ፣ በሰላም ያገናኘን።

የምትናፍቅህ እህትህ