የላይኛው ቀኝ ጥግ

ሶዶ፣ ጥቅምት 2009 ዓ.ም.

ውድ አሮን፣

ይህን የምጽፍልህ ከዚያችው ከጠባቧ የዜና ድረ ገጻችን ቢሮ ሆኜ፣ አንተን ከቦታህ ባነሳሁ ማግስት ነው።

አቶ አንጁሎን እንዴት እንዳሳመንካቸው ታስታውሳለህ? የወላይታ ባህል ልብሳችን የዱንጉዛ ሻጩ ሰውዬ በድረ ገጽ ማስታወቂያ አላምንም ብለው አስቸግረውን ነበር። የሚቀያየረው ማስታወቂያ አንዴ ታይቶ ይጠፋል፣ ቋሚው ግን ገበያ መግቢያ ላይ እንዳለ ሱቅ ነው፣ የሚያልፈው ሁሉ ሳይወድ ያየዋል አልካቸው። «ዜናው ያልፋል፤ የእርስዎ ቦታ አያልፍም።» ከዘመን መለወጫችን፣ ከጊፋታ እስከ ጊፋታ፣ የገጹን የላይኛውን ቀኝ ጥግ ያዙ። ፎቶ የሚነሳ ሰው ስላጣን ዱንጉዛውን ራስህ ለብሰህ ሳቅክ፣ እኔ አነሳሁህ። ድረ ገጻችን ዓመቱን ሙሉ የኖረው በዚያች ጥግ ነው።

ከዚያ ከአረካ ስትመለስ ሚኒባሱ ተገለበጠ። የሞትህን ዜና እያለቀስኩ ለጠፍኩ። ገጹን ስከፍተው አንተ ከላይ ትስቃለህ፣ ከሥርህ አረፈ ይላል። የሚቆጣ ሰው ስልክ አላስቀምጥ አለኝ። ላወርድህ ስል እናትህ፣ እማማ አስናቀች፣ ቢሮ ድረስ መጡ።

«ቤት ያለው ፎቶ የሞተ ሰው ነው» አሉኝ። «እዚህ ግን ልጄ ሥራ ላይ ነው። አታንሺው።»

እሺ አልኳቸው። እኔም ፈልጌው ነበር። ጠዋት ማሽኑን ስከፍት እንዴት አደርክ እልህ ነበር። አንዳንዴ ዓይንህ የሚከተለኝ ይመስለኝና ወንበሬን አዞር ነበር።

ጊፋታ ሲደርስ አቶ አንጁሎ ውሉን አላድስም አሉ፤ ገዢው የሟች ልብስ እያለ ሸሻቸው። ጥጉን አንድ የቦዲቲ ሆቴል ፈለገው። ባዶውን ብተወው የለፋህበት ድረ ገጽ ይዘጋል። ትናንት ቀየርኩት። አሁን በአንተ ቦታ የተነጠፈ ባዶ አልጋ አለ። ዛሬም ሳላስበው እንዴት አደርክ አልኩት።

እናትህ ገና አላዩም። የስልክ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰነበተ፤ የቢሮው መስመር ብቻ ነው የሚሠራው። ከመቋረጡ በፊት የከፈቱት ገጽ ስልካቸው ላይ እንደቆመ ነው፤ እያበሩ ያዩሃል ብላ ጎረቤታቸው ነገረችኝ። ሶዶ ሁሉ ኔትወርክ ተለቀቀ ወይ እያለ ይጠይቃል። በኔትወርክ የምኖረው እኔ እንዳይለቀቅ እጸልያለሁ።

ነገ ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ኔትወርኩ ከቀደመኝ ግን፣ አሮን፣ አንተው ድረስላቸው። በሕልማቸውም ቢሆን ና፤ ዱንጉዛህን ለብሰህ።

ቦታህን የሸጠችው፣
ኢየሩሳሌም