መስከረም ላይ ያበላሸኸው ፈተና

ካያኒ፣ ፊንላንድ

ልጄ ላውሪ፣

ካለህበት ካናዳ ጤናና እንቅልፍ አይለዩህ። እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ዘንድሮ ቀድሞ በረዶ ሠርቷል። አባትህ በሰባ ዓመቱ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን አስሮ ወጣ፣ እያነከሰ ገባ፤ በመካከሉ ስለሆነው አልተነጋገርንም።

እሑድ ስትደውል ስለ ውሻችን ስለ ሙስቲ ጠየቅኸኝ። ሙስቲ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የቀበርከውም አንተ ነህ። ነገርኩህ፣ አዘንክ። ትንሽ ቆይተህ ደግመህ ጠየቅኸኝ። ያኔ ደህና ነው አልኩህ። የምጽፍልህም በስልክ የምልህን ማስታወስህን ስለተጠራጠርኩ ነው።

በመጨረሻው የበረዶ ሆኪ ግጥሚያህ የተጋጣሚው ቡድን አጥቂ ጭንቅላትህን ከሜዳው አጥር ጋር ሲያላትመው በቴሌቪዥን አይቻለሁ። አንተ ግን በዚያው እሑድ ስልክ "የቡድኑ ሐኪም የማስታወስ ፈተና ሰጠኝ፤ ውጤቴ ውድድሩ ሳይጀመር፣ መስከረም ላይ በጤናዬ ካመጣሁት ጋር እኩል ነው፣ እጫወታለሁ" ብለህ ተደሰትክ። ስልኩን ስንዘጋ አባትህ ሳቀ።

"ምን ያስቅሃል?" አልኩት።

"አንቺ ሴትዮ፣ መስከረም ላይ ሆን ብሎ ነዋ የተሳሳተው! በጤናው ዝቅ ያለ ውጤት ካስመዘገበ፣ ሲመታ ልዩነቱ አይታይም። እኛ የሆኪ ተከላካዮች ሁሌም እንዲህ ነን።"

"ማን አስተማረው?"

መሳቁን ተወ።

ልጄ፣ ያን ጊዜ ሞኝ መስለህ ያመጣኸውን ውጤት፣ አሁን ከልብህ ሞክረህ ነው ያመጣኸው። ሐኪሙ ይህን አያውቅም።

አምላክ ከክፉ ይሰውርህ፣ የተረፉህን ጥርሶች ያቆይልህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ይህን እንዳነበብክ ለሐኪሙ እውነቱን ንገረው። ምናልባት ብትረሳው ብዬ፣ ይህንኑ ደብዳቤ በቋንቋው አስተርጉሜ ለሐኪሙም ልኬለታለሁ።

እናትህ ሲርካ