የናቲ ስልቻ

ረቡዕ

አሁንም አልከፈትኩትም። የሙዚቃ መሣሪያው ሳጥን ልጄ ናቲ ባስቀመጠበት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ዛሬ ሚስተር ኬን ደወሉ፤ ናቲ ይነፋበት የነበረው የስኮትላንድ ሙዚቃ ባንድ መሪ ናቸው። ቅዳሜ የስኮትላንዳውያን ፌስቲቫል አለ። «ሙት ዓመቱ ስለደረሰ ናቲን እናስበዋለን። ባግፓይፑን ቢሰጡን በራሱ መሣሪያ እንነፋለት ነበር» አሉ። የባግፓይፑ የቆዳ ከረጢት ሳይነፋ ከቆየ ይሰነጠቃል አሉኝ። «ላስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የልጄ ትንፋሽ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ሲነፋው ይወጣብኛል።

ሐሙስ

ለጎረቤቴ ለአስካለ ነገርኳት።

«ፈረንጅ ልጅሽን አስታውሶ አንቺ ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው?»

እውነቷን ነው። ሰው ታስቦ ሳይበላ እንዴት ይሆናል? ስንት ሰው እንደሚመጣ ግን አላውቅም።

«ባንዱ፣ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው... በቃ መቶ በይው» አለች። ድፎ ዳቦ፣ ምስር፣ ጥቅል ጎመን፣ የበግ አልጫ።

ዓርብ

የምንኖርበት የጋርላንድ ከተማ በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ሳይሸት አልቀረም። ሳጥኑን አውጥቼ ከትሪዎቹ አጠገብ አኖርኩት። አብሮኝ ይሄዳል። መስጠቴን ገና አልወሰንኩም።

አስካለ ስታየው «ያ ስልቻ!» አለች። ድሮም ስሙ ይኸው ነው። ናቲ ያን ባለ መስመር የስኮትላንድ ጉርድ ቀሚስ ለብሶ የመጣ ዕለት በር ልዘጋበት ምንም አልቀረኝ። «ማሚ፣ የጀግና ልብስ ነው እኮ!» አለኝ። ስናስታውስ ሳቅን። እሱ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ ሳቅሁ።

ቅዳሜ

ሜዳው ሙሉ ጉርድ የለበሰ ወንድ። አንዱ ለውድድር ግንድ ተሸክሞ ወረወረ።

«ፈልጠው አይማግዱትም?» አለች አስካለ።

ትሪዎቹን ደረደርን። ሚስተር ኬን ዓይናቸው ፈጠጠ። ለካ «እናስበዋለን» ያሉት በሰልፉ መሐል አንድ ዜማ ለመንፋት ነው! ድንኳን የለ፣ የተጠራ ሰው የለ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሚስተር ኬን ግን ከድፎው ቆረሱና በሜዳው ያለውን ሁሉ ጠሩ። ነፊዎቹ መጡ፣ ጨፋሪዎቹ መጡ፣ ግንድ ወርዋሪዎቹ መጡ። አልጫው ቀድሞ አለቀ።

ከዚያ በሰልፍ ከናቲ ጎን ትቆም የነበረችው ጄን መጣች። እጇን ዘረጋች። ሳጥኑን ከፈትኩ። ስልቻው ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቷል። ትንፋሽ የሚባል የለበትም። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ባዶ ቆዳ ነው።

ሰጠኋት። ስትነፋው ስልቻው ዓይኔ እያየ ሞላ፤ ከዚያ ጮኸ። እልልታ ሰማሁ። አስካለ መስላኝ ነበር። እኔ ነኝ፣ በጥቁር ልብሴ።

እሑድ

ስልቻው ጄን ጋ አደረ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሚስተር ኬን ኮል አደረጉ። ልምምዱ ማክሰኞ ነው፤ መጥቼ እንድሰማው ይፈልጋሉ። ከዚያ «ያ ዳቦ... ይኖር ይሆን?» አሉ።

«ይኸው፣ የባንዱ ወጥ ቤት ሆነን ቀረን!» አለች አስካለ።

ለእሳቸው «እስቲ አያለሁ» ነው ያልኳቸው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን ዱቄት ገዛሁ።